ለደጋ መንገድ ቶርክ ኮንቨርተር ሲመረጥ

ከባሕር ዳር በስተደቡብ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የይልማና ዴንሳ ወረዳ ከተማ አዴት ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። መንገዱ በሞጣና በቢቸና አድርጎ ደጀን ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ነው። ከአዴት ድንችና ጤፍ፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በቆሎና በርበሬ የሚጭነው መኪና በአብዛኛው ፍሪሲዮን ያለው አይሱዙ ስለሆነ ሾፌሩ ስለ ቶርክ ኮንቨርተር የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። ጉዳዩ የሚመለከተው አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ደብል ጋቢና ይዞ ባሌስትራ ያስጨመረውን፣ ጎማ ያሳደገውንና የሞተር ጉልበት ያስጨመረውን ባለንብረት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና አሻሽሎ መያዝ ሌላ ከመግዛት የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቶርክ ኮንቨርተር በፍሪሲዮን ምትክ ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኝ፣ ድፎ ዳቦ የመሰለ ዙሪያውን የተበየደ ብረት ነው። በውስጡ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ባለ ክንፍ ጎማ መሰል ክፍሎች አሉ። አንደኛው (ፓምፑ) ከሞተሩ ጋር እየዞረ ዘይቱን ይወረውራል፤ ሁለተኛው (ተርባይኑ) የተወረወረውን ዘይት ተቀብሎ ካምቢዮውን ያዞራል። በመካከላቸው ያለው ስታተር ተመላሹን ዘይት አቅጣጫ አስለውጦ ፓምፑን እንዲያግዝ ያደርገዋል። መኪናው ከቆመበት ሲነሳ የሞተሩ የማዞር ጉልበት ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ካምቢዮው የሚደርሰው በዚህ ዘዴ ነው። አሠራሩን ለመርከብ አስቦ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ጀርመናዊው መሐንዲስ ኸርማን ፎቲንገር ነው።

ገበያ ላይ ኮንቨርተሮች የሚለዩት በስቶል ዙራቸው ነው። ስቶል ማለት ፍሬን ተይዞ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲሰጥ ሞተሩ ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻ ዙር ነው። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሻጩ ወረቀት ላይ 2,400 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር የኮንቨርተሩ ቋሚ ጠባይ ሳይሆን በአንድ በታወቀ ሞተር፣ ብዙውን ጊዜም በቆላ አየር የተገኘ ውጤት ነው። የስቶል ዙር የሞተሩን ጉልበት ተከትሎ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በትክክል ለመናገር የጉልበቱን ስኩዌር ሩት ይከተላል። በአዴት ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ በመሆኑ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ 2,400 የተባለው ኮንቨርተር አዴት ላይ 2,150 ገደማ ይሆናል። ባለ ተርቦው ናፍጣ ሞተር ጉዳቱን የሚያካክሰው ተርቦው ከነቃ በኋላ ነው፤ ከመንቃቱ በፊት ግን እንደማንኛውም ተርቦ አልባ ሞተር ይደክማል። ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ሲነሳ መኪናው «የሚያቅማማው» በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ መፍትሔው ከፍ ያለ ስቶል መግዛት ይመስላል። በጥቂቱ ከሆነ እውነት ነው፤ ስቶሉ ተርቦው ከሚነቃበት ዙር ትንሽ ከፍ ቢል ይጠቅማል። ለአብዛኞቹ የናፍጣ ፒክአፖች ይህ ከ1,800 እስከ 2,200 ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል። ለቤንዚን እሽቅድምድም መኪና የተሠራ ባለ 3,000 ኮንቨርተር፣ 4,000 ዙር አካባቢ ለሚያበቃ ናፍጣ ሞተር መግጠም ግን ገንዘብ መጣል ነው።

ጎማ አሳድጎ «መኪናዬ ደከመ» የሚል ሰው ደግሞ ችግሩን መፈለግ ያለበት ኮንቨርተሩ ላይ ሳይሆን ዲፈረንሻሉ ላይ ነው። ከ31 ኢንች ወደ 33 ኢንች የተሸጋገረ ጎማ መሬት ላይ የሚደርሰውን ጉልበት በ6 በመቶ ይቀንሳል። 4.1 የነበረው የዲፈረንሻል ጥርስ ወደ 4.3 ቢቀየር አብዛኛው ጉድለት ይመለሳል፤ ዘይቱም አይቃጠልም።

ዘይቱን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፓምፑና ተርባይኑ እኩል ባልዞሩ ቁጥር ልዩነቱ ሙቀት ይሆናል፤ በስቶል ላይ ደግሞ የሞተሩ ኃይል በሙሉ ሙቀት ነው። ላላ ያለ ኮንቨርተር ከጎሐ ጽዮን ወይም ከደጀን በኩል ያለውን ረጅም ዳገት በዝግታ ሲወጣ ያለማቋረጥ ይንሸራተታል። በደጋ አየር ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ ዘይቱን የሚያቀዘቅዘው ውኃ ራሱ ቀድሞ ይፈላል። ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ማስገጠም ከኮንቨርተሩ በፊት መታሰብ ያለበት ወጪ ነው። ሎክአፕ የሌለው ኮንቨርተርም በርካሽ ቢገኝ አይወሰድ፤ ሎክአፕ ሁለቱን ክፍሎች አጣብቆ መንሸራተቱን የሚያስቀር ውስጣዊ ፍሪሲዮን ነው።

ከሁሉም የከፋው ቁልቁለቱ ነው። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሾፌሩ ዝቅተኛ ማርሽ ይዞ በሞተር የሚገታው መኪና ፍሬኑን ያሳርፋል። ላላ ያለ ኮንቨርተር ግን ጎማው ሞተሩን በደንብ እንዲያዞረው አይፈቅድም፤ በብዙ መኪኖች ሎክአፑም በዝቅተኛ ማርሽ አይያዝም። መያዝ ያቃተው የሞተር ሥራ ሁሉ ወደ ፍሬን ይዛወራል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ያንሸራትታል። ጭነት ይዞ ዓባይን የሚሻገር ሰው፣ በዳገት ላይ ጥቂት ቢዘገይም፣ ጠበቅ ያለውን ኮንቨርተር ይምረጥ ብለን የምንመክረው ለዚህ ነው። ከፋብሪካ የመጣው ጤነኛ ከሆነ እሱኑ ማቆየት ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይሻላል።

ከመግዛት በፊት የራስን መኪና ስቶል መኪናው በሚሠራበት ከፍታ መለካት ይገባል። ጎማው በድንጋይ ታግዶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ከፊትም ከኋላም ሰው አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ ነዳጁ ከ5 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ይሰጣል፤ ከዚያ ዘይቱ እስኪበርድ በዜሮ ማርሽ ይጠበቃል። ውጤቱ ከአምራቹ ቁጥር በብዙ ካነሰ ሞተሩ ደክሟል ወይም ስታተሩ ተበላሽቷል፤ በብዙ ከበለጠ የካምቢዮው ውስጣዊ ፍሪሲዮኖች እየተንሸራተቱ ነው። ጉዳቱ የስታተሩ ካልሆነ በስተቀር አዲስ ኮንቨርተር መፍትሔ አይሆንም።

ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮንቨርተር ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን የተበየደ በመሆኑ ውስጡ አይታይም። ከአፉ የሚወጣው ዘይት የተቃጠለ ከሸተተ ወይም የብረት ብናኝ ካለበት መተው ነው። ሲገጠም መካኒኩ ኮንቨርተሩን እያዞረ እስከ መጨረሻው ወደ ካምቢዮው ማስገባቱ ይታይ። ሳይገባ ቀርቶ በብሎን ከተሳበ የካምቢዮው የዘይት ፓምፕ ይሰበራል። የማቀዝቀዣው ቱቦዎችም በዚያው ዕለት ይታጠቡ፤ የአሮጌው ብናኝ ከቀረ አዲሱን ይዞት ይሄዳል።