ቀዩ መስመር ከየት ይመጣል? የአማርኛ ፊደል አራሚ ችግሮችና የግል መዝገበ ቃላት አያያዝ

አጠቃሎ

በኮምፒዩተር አማርኛ የሚጽፍ ሰው ከቃላቱ በታች የሚያየው ቀይ መስመር አራት ምንጭ ሊኖረው ይችላል፦ የተሳሳተ የቋንቋ ምልክት፣ የፊደል ኮድ፣ ሞክሼ ፊደላት እና የቃላት ርባታ። ብዙው ጸሐፊ ግን ለአራቱም የሚያዘው መድኃኒት አንድ ነው፤ ቃሉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ ወደ መዝገበ ቃላቱ ይጨምረዋል። ይህ መጣጥፍ ችግሮቹን ለየብቻቸው ከመረመረ በኋላ የግል መዝገበ ቃላት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መፍትሔ እንዳልሆነ ይሞግታል። በተጨማሪም ወደዚህ መዝገብ የሚገባ እያንዳንዱ ቃል የአጻጻፍ ውሳኔ ስለሆነ፣ ውሳኔው ለግለሰብ ጠቅታ ሳይሆን ለአርትዖት ክፍል የሚገባ ሥራ መሆኑን ያሳያል።

1. የፊደል አራሚ የተሠራበት ግምት

ራልፍ ጎሪን እ.ኤ.አ. በ1971 በስታንፎርድ የመጀመሪያዎቹን የእንግሊዝኛ ፊደል አራሚዎች ሲሠራ የተመሠረተበት ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ቃሉ በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ትክክል ነው፣ ከሌለ ተጠርጣሪ ነው። እርማት የመጠቆሙ ብልሃት ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ከተሠራ ጥናት የተወሰደ ነው። ፍሬድሪክ ዳመራው እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናት ከግድፈቶች ከ80 በመቶ የሚበልጡት ከአራት ነጠላ ስሕተቶች በአንዱ የሚመጡ መሆናቸውን አመለከተ፦ አንድ ፊደል መጨመር፣ አንድ መጉደል፣ አንዱ በሌላው መተካት፣ ሁለት ጎረቤታሞች ቦታ መለዋወጥ። ማይክሮሶፍት ወርድ እ.ኤ.አ. በ1995 በሚጻፍበት ቅጽበት የሚታየውን ቀይ ሞገድ መስመር ሲያስተዋውቅ የተለወጠው የፍተሻው ጊዜ ነው፤ ግምቱ እንዳለ ቀጥሏል።

ይህ ግምት አማርኛ ላይ ሲደርስ ይላላል። የእኛ ፊደል ተነባቢንና አናባቢን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ፣ አንድ ፊደል ሲሳሳት ብዙ ጊዜ ሌላ ትክክለኛ ቃል ይወጣል። «መጣ» ለማለት «መጡ»፣ «ቤቴ» ለማለት «ቤቱ» የጻፈ ሰው ስሕተቱ ከዝርዝሩ ውስጥ ስለሚገኝ አራሚው ዝም ይለዋል። በአንጻሩ በሥርዓት የተረባ ረጅም ቃል ከዝርዝሩ ስለሚጠፋ ይሰመርበታል። አራሚው መናገር ባለበት ቦታ ዝም ብሎ፣ ዝም ማለት ባለበት ቦታ ይናገራል። ጸሐፊው አመኔታ የሚያጣበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

2. ከመዝገበ ቃላቱ በፊት የሚፈተሹ ነገሮች

ወርድ ለእያንዳንዱ የጽሑፍ ቁራጭ የቋንቋ ምልክት ይሰጣል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚከተለው በኮምፒዩተሩ ላይ የተመረጠውን የቁልፍ ገበታ ቋንቋ ነው። አማርኛውን በተጨማሪ ፕሮግራም የሚጽፍና የገበታውን ቋንቋ በእንግሊዝኛ የተወ ሰው፣ ዐይኑ ግዕዝ ፊደል እያየ ሶፍትዌሩ ግን «ይህ እንግሊዝኛ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ጽሑፉም ወይ በእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ይመዘናል ወይም ሳይመዘን ይታለፋል። መፍትሔው ጽሑፉን በሙሉ መርጦ ከ«ሪቪው» ትር በ«ላንጉጅ» ሥር የማረሚያ ቋንቋውን አማርኛ ማድረግ ነው። እዚያው መስኮት ላይ ፊደልና ሰዋስው እንዳይታረም የሚያዝዝ ሣጥን አለ፤ ከሌላ ሰነድ በተቀዳ ጽሑፍ ላይ ይህ ሣጥን ምልክት እንደተደረገበት ሊመጣ ይችላል። ለውጡ «ኖርማል» በተባለው ስታይል ላይ ካልተደረገ ችግሩ በሚቀጥለው አንቀጽ ተመልሶ ይመጣል። ቋንቋው ትክክል ሆኖም የአማርኛ ማረሚያ በኮምፒዩተሩ ላይ ካልተጫነ አራሚው የሚያመሳክርበት ነገር የለውም።

ሁለተኛው የኮድ ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ዕትም ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች በውስጣቸው የያዙት የላቲን ፊደላትን ኮድ ነው፤ ፎንቱ ብቻ ነው የግዕዝ መልክ የሚሰጣቸው። ይህን ለመለየት ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን መቀየር ይበቃል፤ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከወጣ ሰነዱ መጀመሪያ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መዛወር አለበት። እንዲህ ካለ ሰነድ ወደ መዝገበ ቃላት የተጨመረ ቃል በሌላ ሰነድ ላይ ምንም አይረዳም።

ሦስተኛው የመዝገቡ ፋይል ራሱ ነው። የወርድ የግል መዝገበ ቃላት በእያንዳንዱ መስመር አንድ ቃል የያዘ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሲሆን የሚቀመጠው በዩቲኤፍ-16 ኮድ ነው። አንድ ሰው በኖትፓድ ከፍቶ «አንሲ» በሚለው ምርጫ ካስቀመጠው፣ ግዕዙ በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጥና የዓመታት ስብስብ በአንድ ጠቅታ ይጠፋል። ሊብሬኦፊስ ደግሞ በዩቲኤፍ-8 ኮድ ይጠቀማል፤ ፋይሉ አናት ላይም የመዝገቡን ቋንቋና ዓይነት የሚገልጹ መስመሮች አሉት። ስለዚህ አንዱን ፋይል ስሙን ብቻ ቀይሮ ለሌላው መስጠት አይሠራም።

3. ሞክሼ ፊደላትና ሁለቱ ትእዛዞች

እስካሁን ያሉት የአሠራር ጉድለቶች ናቸው፤ በሞክሼ ፊደላት ላይ ስንደርስ ግን ጉዳዩ የሥርዓተ ጽሕፈት ይሆናል። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በድምፁ ብቻ የሚጽፍ ሰው ለመጀመሪያው ፊደል ሁለት ምርጫ አለው፤ ፀ ወይም ጸ። ለሁለተኛው ስድስት፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። በድምሩ 12 መልክ ይወጣል። «ኃይለ ሥላሴ» በዚሁ ስሌት 24 መልክ አለው። ጎንደርን በ«ጎ» የሚጽፍ አለ፣ በ«ጐ» የሚጽፍ አለ፤ «በልቷል» የሚል አለ፣ «በልትዋል» የሚልም አለ።

መዝገበ ቃላቶቻችንም በአንድ ድምፅ አይናገሩም። የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ሥራ በ1962 ዓ.ም. ሲታተም ርእሱ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ተብሎ ነው የወጣው። ዛሬ «አዲስ»ን ብቻ የሚያውቅ አራሚ ከታላላቅ መዝገበ ቃላቶቻችን የአንዱን ርእስ በቀይ ያሰምርበታል ማለት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያወጣው «አማርኛ መዝገበ ቃላት» ደግሞ ሌላው መነሻ ነው። የአራሚው አዘጋጅ ከእነዚህ አንዱን መከተል ወይም የራሱን መንገድ መቁረጥ ግድ ይለዋል።

ይህ ምርጫ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ሀንስፔልን መመልከት ይጠቅማል። ሀንስፔል ሃንጋሪያዊው ላስሎ ኔሜት ለቋንቋው ያዘጋጀውና ዛሬ ሊብሬኦፊስና ፋየርፎክስ የሚጠቀሙበት የእርማት ሞተር ነው። ሁለት ፋይሎች አሉት፤ አንዱ የቃላት ዝርዝር፣ ሌላው የቅጥያ ሕግጋት። በሕግጋቱ ፋይል ውስጥ ሞክሼዎችን የሚመለከቱ ሁለት ትእዛዞች ይገኛሉ። «አይኮንቭ» የተባለው ቃሉ ከመመዘኑ በፊት ፊደሉን ይለውጣል፤ ሐንና ኀን ወደ ሀ እንዲለውጥ ከታዘዘና ዝርዝሩም በዚያው መልክ ከተዘጋጀ ሁሉም አጻጻፍ ያለ ቀይ መስመር ያልፋል። «ማፕ» የተባለው ግን ፊደላቱ ዘመዳሞች መሆናቸውን ብቻ ይነግረዋል፤ አንዱ አጻጻፍ ትክክል ሆኖ ይቀርና ሌሎቹ ሲጻፉ ትክክለኛው ከመጀመሪያዎቹ ጥቆማዎች መካከል ይቀርባል።

በመጀመሪያው መንገድ «ምሁር» እና «ምሑር» አንድ ይሆናሉ፤ የተማረው ሰውና ምሕረት የተደረገለት ሰው በአራሚው ፊት አይለያዩም። በሁለተኛው ልዩነቱ ይጠበቃል፤ ዋጋው ግን የአብዛኛው ጸሐፊ ገጽ በቀይ መሞላቱ ነው። የጋዜጣ ዝግጅት ክፍልና የግእዝ ጽሑፎችን የሚያዘጋጅ ተመራማሪ አንድ ዓይነት ቅንብር አይበቃቸውም። እነዚህ ጥቂት መስመሮች አማርኛ እንዴት መጻፍ እንዳለበት አቋም ይዘዋል፤ ተጠቃሚው ግን አቋም መኖሩን እንኳ አያይም።

4. ርባታው የሚያመጣው ብዛት

የግል መዝገበ ቃላት የሚያውቀው እንደተጻፈለት ያለውን መልክ ብቻ ነው። «ጎንደር»ን የጨመረ ሰው «ከጎንደር»፣ «የጎንደርን»፣ «ጎንደርም» ሲጽፍ እንደገና ይሰመርበታል። ለግምት ያህል፣ አንድ ስም 10 ባዕድ መነሻ፣ ሁለት ቁጥር፣ 10 የባለቤትነትና የእመርታ መልክ ይኑረው፤ «ን» እና «ም» ሲታከሉበት ወይም ሳይታከሉበት አራት አማራጭ ይሰጣሉ። ውጤቱ 800 ይሆናል። እነዚህን በጠቅታ እየጨመሩ መጨረስ አይቻልም።

ትክክለኛው ቦታቸው የቅጥያ ሕግጋቱ ፋይል ነው፤ እዚያም ፊደላችን የራሱን ጣጣ ያመጣል። «ቤት» ሲታወቅ «ቤቱ» ይሆናል፤ በኮምፒዩተሩ ዐይን ግን ቃሉ ላይ «ኡ» አልተጨመረም፤ «ት» ወጥቶ «ቱ» ነው የገባው። ስለዚህ ሕጉ «ቃሉ በት ካለቀ ትን አንሣ፣ ቱን ጨምር» ተብሎ ይጻፋል፤ ለ«ወንድም» ደግሞ «ምን አንሣ፣ ሙን ጨምር»። ለአንዲት እመርታ ብቻ በየተነባቢው ሠላሳ ያህል መስመር ያስፈልጋል፤ በአናባቢ ለሚያልቁት እንደ «ውሻው» ላሉት ሌላ ሕግ ይጨመራል። በተጨማሪም ሀንስፔል በተለመደው አሠራሩ ከቃሉ ላይ የሚገፈው አንድ ባዕድ መነሻና ሁለት ባዕድ መድረሻ ነው። «ከየቤቶቻችንም» ግን ከመጨረሻው ብቻ ሦስት አለው፤ የብዛቱ፣ የባለቤትነቱና «ም»። አዘጋጁ ከእነዚህ ሁለቱን አስቀድሞ አጣምሮ እንደ አንድ ቅጥያ ማስገባት ይኖርበታል።

ግሱ ከዚህም ይከብዳል፤ ለውጡ ጫፍ ላይ ብቻ ሳይሆን በቃሉ ሆድ ውስጥ ነውና። «ሰበረ»፣ «ይሰብራል»፣ «ሰባብሮ» በአንድ ሥር የተያያዙት በተነባቢዎቻቸው ነው፤ ተነባቢ ብቻውን ደግሞ በፊደላችን አይታይም። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር ለአማርኛ፣ ለትግርኛና ለኦሮምኛ የሠራው ሆርንሞርፎ ቃላትን በሥርና በቅርጽ የሚተነትነው በዚህ ምክንያት ነው። የወደፊቱ የአማርኛ አራሚ ከቃላት ዝርዝር ይልቅ ወደዚህ ዓይነቱ ተንታኝ መጠጋት አለበት።

5. የግል መዝገበ ቃላትን በሥርዓት መያዝ

ከላይ ያሉት ሲስተካከሉ ለግል መዝገቡ የሚቀረው ሥራ ጥቂትና ግልጽ ነው፤ የሰውና የቦታ ስም፣ የሙያ ቃል፣ አዲስ የውጭ ቃል። ሦስት ልማዶች ይህን ያቀልላሉ።

አንደኛው ለየሥራው የተለየ መዝገብ መክፈትና ቋንቋውን አማርኛ ብሎ መወሰን ነው። የሕክምና ቃላትን ከታሪካዊ ስሞች ጋር መቀላቀል ስሕተትን ይሸፍናል።

ሁለተኛው በሊብሬኦፊስ ከ6.0 ዕትም፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ያለውን ዕድል መጠቀም ነው፤ አዲስ ቃል ሲገባ በአምሳሉ የሚረባበት ሌላ የታወቀ ቃል አብሮ ሊጠቀስለት ይችላል። አዲስ የቦታ ስም በ«ጎንደር» አምሳል እንዲረባ ከተደረገ ቅጥያዎቹን ይወርሳል። ይህ የሚሠራው ግን መዝገቡ ቋንቋው ተለይቶ ሲታወቅና የተጫነው የአማርኛ ዝርዝር ራሱ የቅጥያ ሕግጋት ሲኖሩት ነው።

ሦስተኛው የተከለከሉ ቃላትን መዝገብ መያዝ ነው። ወርድም ሊብሬኦፊስም በዋናው ዝርዝር ውስጥ ቢኖርም እንዲሰመርበት የሚፈለግ ቃል የሚገባበት ፋይል አላቸው፤ በሊብሬኦፊስ ምትኩም አብሮ ሊጻፍ ይችላል። «ኃይል»ን የመረጠ ቤት «ሃይል»ን እዚህ ያስገባል። በስሕተት የተጨመሩ ቃላትም በየጊዜው ከግል መዝገቡ መነቀል አለባቸው፤ አንድ ጊዜ የገባ ግድፈት በየሰነዱ ያለ ቀይ መስመር ያልፋልና።

6. መደምደሚያ

የእርማት ችግር ሲያጋጥም ቅደም ተከተሉ የቋንቋ ምልክት፣ ኮድ፣ የፋይሉ ደኅንነት፣ የሞክሼ አቋም፣ የርባታ ሕግ፣ በመጨረሻም የግል መዝገብ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ማንኛውም ተጠቃሚ በደቂቃዎች ያስተካክላቸዋል። የኋለኞቹ ግን ባለቤት ይፈልጋሉ። አንድ መሥሪያ ቤት ወይም አሳታሚ ድርጅት ሠራተኞቹ በየኮምፒዩተራቸው የየራሳቸውን አማርኛ እንዲያከማቹ ከሚተዋቸው፣ መዝገቡን እንደ አርትዖት መመሪያው አካል ቆጥሮ አንድ ሰው እንዲጠብቀው፣ ጭማሪው እንዲመረመርና የጸደቀው ፋይል ለሁሉም እንዲሰራጭ ቢያደርግ ይሻላል። የአጻጻፍ መመሪያ በወረቀት ሲሆን ይረሳል፤ በአራሚው ውስጥ ሲገባ በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ ይሠራል። ስለ ሞክሼ ፊደላት ለረጅም ዘመን የቆየው ክርክርም ቢያንስ በአንድ ቤት ውስጥ ሥራ ላይ የሚውል ውሳኔ ያገኛል።