ከኮምፒውተር እስከ ማሳ፤ የአጭር መልእክት ጉዞ እና የደጋው ስንዴ

ቢጫ ዋግ ስንዴ ላይ ከወጣ ለአርሶ አደሩ የሚተወው ጊዜ ጥቂት ነው። በመጀመሪያ ጥቂት ቅጠሎች ላይ ቢጫ ዱቄት የተነሰነሰ መስሎ ይታያል። ቅዝቃዜና እርጥበት ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ሌላ ዘር ያፈራል፤ እሱንም ነፋስ ወደ ጎረቤት ማሳ ያደርሰዋል። በ2002/03 የምርት ዘመን በሽታው በሀገሪቱ ስንዴ አምራች አካባቢዎች ተስፋፍቶ፣ በወቅቱ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለ ዝርያ ክፉኛ እንደጎዳ ይታወሳል። ፀረ ዋግ መድኃኒት የሚጠቅመው ደግሞ በጊዜው ሲረጭ ነው። ስለዚህ ወሬው ቀድሞ መድረሱ ራሱ የምርት ጉዳይ ነው።

ወሬ ቀድሞ መድረስ ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። ከደሴ ተነስቶ በካቤና በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም የሚደርሰው መንገድ ረጅም ነው፤ ቦረናን ከጎጃም የሚለየው ደግሞ የዓባይ ሸለቆ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የሐረርና የአዲስ አበባ የስልክ መስመር ተዘርግቶ፣ ከዚያም አዲስ አበባን ከአስመራ የሚያገናኘው መስመር ተከትሎ ነበር። ከመስመሩ ርቆ ላለው ሕዝብ ግን መልእክት ማለት ደብዳቤ የያዘ እግረኛ፣ ገበያ ላይ የሚነገር አዋጅ፣ ወይም ከገበያ የተመለሰ ጎረቤት ነበር። የእህል ዋጋም የሚሰማው በዚሁ መንገድ ነው። ደላላው ከአርሶ አደሩ አንድ ገበያ ቀድሞ የሚያውቅ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ያተርፍ የነበረው ከእህሉ ይልቅ ከወሬው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሌላው ዓለም ይህን ርቀት ያሳጠረው ቴክኖሎጂ የተወለደው ከኮምፒውተር ነው። የመጀመሪያው የሞባይል አጭር መልእክት ኅዳር 24 ቀን 1985 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሀገር ሲላክ፣ ላኪው ኒል ፓፕወርዝ የተባለ ወጣት መሐንዲስ የጻፈው በስልክ አልነበረም፤ በኮምፒውተር ነበር። መልእክቱም የገና መልካም ምኞት ነበር። ኋላም የስልክ ድርጅቶች ኢሜይልን ወደ ሞባይል የሚያሻግር በር ከፈቱ። ላኪው የተቀባዩን ስልክ ቁጥር፣ ቀጥሎ ‹‹አት›› የሚባለውን ምልክት፣ ከዚያም የድርጅቱን የኢንተርኔት ስም በኢሜይል አድራሻው ቦታ ይጽፋል፤ የድርጅቱ ኮምፒውተር ጽሑፉን ቆርጦ አሳጥሮ ለስልኩ ያደርሳል። በአሜሪካ ይህ አሠራር ለብዙ ዓመታት ሲያገለግል ቆይቶ፣ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው ትልቁ ድርጅት ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ዘግቶታል። አንድ ጽሑፍ በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ተጽፎ ብዙ ሺህ ኪስ ውስጥ ይገባል የሚለው ሐሳብ ግን በሌሎች መንገዶች ቀጥሏል።

በሀገራችን ኢሜይል ከሞባይል ቀድሞ ነው የመጣው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው ክፍል በስልክ መስመር እየተደወለ ኢሜይል የሚተላለፍበትን ዘዴ ዘርግቶ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሞባይል ደግሞ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ። አጭር መልእክት ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ መጣ። ነገር ግን ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በሰኔ ወር አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ የተመለሰውም ሚሊኒየሙ በተከበረበት በመስከረም 2000 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ዓመት በላይ የሀገሪቱ ሞባይል መናገር እንጂ መጻፍ አይችልም ነበር። ይህ ለከተማው ሰው የወዳጅ ሰላምታ ማጣት ይመስል ይሆናል። ለግብርናው ግን የገበያና የበሽታ መረጃ በርካሽ የሚበተንበት መንገድ ገና ሳይሞከር መዘግየቱ ነበር።

ከሰባት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም.፣ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ግብይት ጀመረ። በዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ይመራ የነበረው ይህ ተቋም ዋጋው ከግብይት መድረኩ እንደወጣ በየከተማው ወደተተከሉ ሰሌዳዎች፣ በአጭር መልእክት ወደ ሞባይል፣ እንዲሁም 929 ደውሎ በድምፅ ለሚሰማው ሁሉ እንዲደርስ አደረገ። በኮምፒውተር የተመዘገበ ዋጋ ወደ ገጠር ስልክ የሚሻገርበት ሰፊ ሙከራ ይህ ነበር። ይሁን እንጂ በምርት ገበያው ዋና ሆነው የቆዩት ቡና፣ ሰሊጥና ነጭ ቦሎቄ ናቸው። የመካነ ሰላም አካባቢ አርሶ አደር ጎተራ ውስጥ ያለው ግን ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ነው። ስልኩ ቢጮኽም የሚነግረው የሌላውን ሰው እህል ዋጋ ነበር ማለት ነው።

የፊደሉም ጉዳይ ቀላል አልነበረም። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት በ1991/92 ዓ.ም. ቢካተትም፣ በእጃችን ይገቡ የነበሩት አብዛኞቹ ርካሽ ስልኮች አማርኛ ሲደርሳቸው የሚያሳዩት ባዶ ሳጥን ነበር። በዚህ ምክንያት አማርኛ በላቲን ሲጻፍ ኖሯል፤ ፊደል የቆጠረውም አርሶ አደር ቢሆን ይህን ማንበብ ይቸግረዋል። ‹‹ቢጫ ዋግ ታይቷል። ማሳችሁን ፈትሹ።›› የሚል ማስጠንቀቂያ ቢጻፍ በግእዝ ነጥቡና ክፍተቱ ተቆጥሮ 22 ምልክት ነው፤ በላቲን ወደ 40 ይጠጋል። ስለዚህ 70 ያን ያህል ጠባብ አይደለም። ጉድለቱ የቦታ ማነስ አልነበረም፤ ስልኩ ፊደሉን አለማወቁ ነው።

በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ በኋላ ኢንስቲትዩት የተባለው፣ ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ የከፈተው 8028 ለዚህ የተገኘ መፍትሔ ነው። አርሶ አደሩ በነፃ ይደውላል፤ አማርኛን ጨምሮ በቋንቋው ስለ እርሻው ይሰማል። አስፈላጊ ሲሆንም ማስጠንቀቂያ ወደ ተመዝጋቢው ስልክ ይላካል። ማንበብ ለማይችለው አባት ከጽሑፍ ይልቅ ድምፅ እንደሚቀርብ ያወቁ ሰዎች የሠሩት ነው።

የዋጉ ነገር የተገናኘው ከዚህ ጋር ነው። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ የእንግሊዙ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ የዚያው ሀገር የሜትሮሎጂ ተቋም፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል እና የራሳችን ተቋማት በጋራ የስንዴ ዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ዘረጉ። የነፋሱና የአየሩ ትንበያ እንግሊዝ ሀገር ባሉ ኮምፒውተሮች ይሰላል። የዋጉ ዘር በየት በኩል እንደሚነፍስና የትኛው አካባቢ ለበሽታው እንደሚመች የሚያሳየው ውጤት ለኢትዮጵያ ባለሙያዎች ይላካል። እነሱም ከመስክ አሰሳው ጋር አስተያይተው ማሳሰቢያ ይጽፋሉ፤ ማሳሰቢያው በኢሜይል ለጽሕፈት ቤቶች፣ በአጭር መልእክት ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ በ8028 ለአርሶ አደሩ ይወርዳል። ከባሕር ማዶ የተነሣ ስሌት በጥቂት ቀናት ቀበሌ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የቴሌ አይደለም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ስልክ ባትሪው አልቆ ከሆነ፣ ወይም እሱ ለሥልጠና ወረዳ ከሄደ፣ መልእክቱ እዚያው ያድራል። ደርሶም ቢሆን መድኃኒቱ በመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ከሌለ፣ መርጫውም አንድ ብቻ ሆኖ ለሦስት ጎጥ ከተመደበ፣ አርሶ አደሩ ያገኘው የጉዳቱን ዜና ብቻ ነው። ዩኒየኖች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያዙት ከወራት በፊት ነው፤ ፀረ ዋግ ግን በአንድ ሳምንት የሚፈለግ ዕቃ ስለሆነ አስቀድሞ ተገዝቶ መቀመጥ አለበት። ዋግ ያልመጣበት ዓመት ደግሞ ገንዘቡ መደርደሪያ ላይ ታስሮ ይከርማል፤ የማኅበራት ሥራ አመራር ኮሚቴዎች በጀት ሲይዙ የሚከራከሩበትም ይኸው ነው።