ቤዝ ጊታርን በቪዲዮ ትምህርት መጀመር፦ ጀማሪ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሠርግ ሲደገስ፣ በአጥሩ ውጭ የሚያልፍ መንገደኛ የዘፈኑን ግጥም ለይቶ ከመስማቱ በፊት ጎርናና ድምፅ ደረቱን ሲነካው ይሰማዋል። ቀጫጭኖቹ ድምፆች በግድግዳና በበር ሲታገዱ ወፍራሞቹ አልፈው ይወጣሉ። ከድራሙ ጋር ተጣምሮ ይህን ድምፅ የሚያወጣው መሣሪያ ቤዝ ጊታር ነው።

ድምፁ ከሩቅ ቢሰማም መምህሩ ግን በቅርብ አይገኝም። የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች በመሆናቸው፣ በወረዳ ከተማ ወይም በገጠር ቀበሌ የሚኖር ወጣት መሣሪያውን ለመማር ሲነሣ ቀድሞ የሚያገኘው መምህር በእጅ ስልኩ የሚከፍተው ቪዲዮ ነው። ዩቲዩብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ከተመሠረተ ወዲህ፣ ከጣት አያያዝ ጀምሮ እስከ ረቀቁ ስልቶች የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች በበይነ መረብ ላይ ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ ከሚጀምሩት መካከል «ተሰጥኦ የለኝም» ብለው መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው የሚተዉ አሉ። ብዙ ጊዜ የጎደለው ተሰጥኦ አይደለም፤ ሰሚ ነው። የቪዲዮ መምህር ያሳያል፣ ያብራራል፤ የተማሪውን ድምፅ ግን አይሰማም። ይህ ለአርሶ አደር እንግዳ ነገር አይደለም። ሠርቶ ማሳያ ጎብኝቶ መመለስ አንድ ነገር ነው፤ የግብርና ባለሙያው በራስ ማሳ ላይ ቆሞ ስሕተትን ሲያርም ማየት ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ በቪዲዮ የሚማር ሰው ያንን የጎደለ ሰሚ በልዩ ልዩ መንገድ መተካት ይኖርበታል።

መሣሪያው ምንድን ነው?

ቤዝ ጊታር ከተለመደው ጊታር የሚለየው በድምፁ ዝቅታ፣ በክሮቹ ውፍረትና በአንገቱ ርዝመት ነው። የተለመደው ጊታር ስድስት ክር ሲኖረው ቤዝ ጊታር በአብዛኛው አራት ክር አለው። ክሮቹ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲቆጠሩ ሚ፣ ላ፣ ሬ እና ሶል ተብለው ይቃኛሉ፤ በቪዲዮዎቹ ላይ ደግሞ ኢ፣ ኤ፣ ዲ እና ጂ ተብለው ይጠራሉ። በዚህ ቅኝት ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል፣ ቀጭኑ ክር 98 ጊዜ ያህል ይርገበገባል።

ከዚህ መሣሪያ በፊት የባንዶችን ዝቅተኛ ድምፅ ይይዝ የነበረው ቆመው የሚጫወቱት ግዙፉ ደብል ቤዝ ነበር። ከቦታ ቦታ ለማጓጓዝ ያስቸግራል፤ ድምፁም በትንፋሽ መሣሪያዎችና በድራም መካከል ይዋጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ ፖል ታትማርክ በአሜሪካ ሲያትል ከተማ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቤዝ ሠርቶ ነበር። መሣሪያውን በዓለም ያስፋፋው ግን ሊዮ ፌንደር በ1951 በካሊፎርኒያ ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ ነው። የስያሜው ትርጉም «ትክክለኛነት» ሲሆን፣ ምክንያቱም በአንገቱ ላይ የተደረደሩት ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። ተጫዋቹ ጣቱን በፍሬቶቹ መካከል ካሳረፈ ድምፁ ትክክለኛ ቦታው ላይ ይወድቃል።

በኢትዮጵያም ቤዝ ጊታር የዘመናዊ ባንዶች ምሰሶ ሆኖ ቆይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር የሠራው አይቤክስ ባንድ፣ በኋላም ሮሃ ባንድ፣ ጆቫኒ ሪኮን በቤዝ ጊታሪስትነት ይዞ ነበር። የእነዚህ ባንዶች ሥራዎች የአገር ውስጥ ስልተ ምት በቤዝ ጊታር እንዴት እንደሚያዝ ለመስማት ለሚፈልግ ጀማሪ ጥሩ ትምህርት ናቸው።

ከመግዛት በፊት

ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛ ሰው አራቱንም ክሮች በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ተራ በተራ እየተጫነ መሞከር አለበት። በአንዱ ቦታ ድምፁ የሚንዘረዘር ወይም የሚታፈን ከሆነ አንገቱ ጎብጦ ወይም ፍሬቱ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ክሮቹ ከአንገቱ እጅግ ከራቁም መጫን ስለሚከብድ ጀማሪው ቶሎ ይደክማል። የመቃኛ ቁልፎቹ ከተጠመዘዙ በኋላ ባሉበት መቆየታቸውን፣ ገመዱ ሲሰካም ድምፁ አለመቆራረጡን ማረጋገጥ ይገባል። ሲገዙ የሚጫወት ሰው ይዞ መሄድ ከሁሉም ይሻላል።

በመደበኛው ቤዝ ላይ የሚርገበገበው የክር ርዝመት 34 ኢንች ወይም 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 30 ኢንች ወይም 76 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆኑ አጫጭር ቤዞችም ስላሉ፣ ለልጆችና እጃቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች ይመቻሉ።

ድምፅ ለማጉላት ለቤዝ የተሠራ አምፕሊፋየር ያስፈልጋል። ቤዙን በቴሌቪዥን ወይም በቴፕ ስፒከር ላይ ሰክቶ ከፍ ማድረግ ስፒከሩን ሊያበላሸው ይችላል። አምፕሊፋየር መግዛት ያልቻለ ሰው በጆሮ ማዳመጫ የሚሠራ አነስተኛ ማጉያ ሊጠቀም ይችላል። መብራት በሌለበት ጊዜ ደግሞ የቤዙን ላይኛ ቀንድ ከእንጨት በር ወይም ቁም ሣጥን ጋር ማስነካት ብቻ ድምፁን ይጨምራል፤ እንጨቱ አብሮ ይርገበገባልና።

የስልክ ስፒከር የሚደብቀው

ብዙ ጀማሪዎችን ግራ የሚያጋባው የእጅ ስልክ ስፒከር ነው። የስልክ ትንሽ ስፒከር የቤዝን ዝቅተኛ ድምፆች በሚገባ ማውጣት አይችልም፤ ተማሪው የሚሰማው ከዋናው ድምፅ በላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት መምህሩ የተጫወተውን ሳይለይ በዓይኑ ጣቶችን ብቻ ይከተላል። ጆሮ ሳይሠለጥን ጣት ብቻ ይሠለጥናል ማለት ነው። ስለዚህ ትምህርቱን በጆሮ ማዳመጫ መከታተል የግድ ነው።

ትምህርቱን መምረጥ

የቪዲዮዎቹ ብዛት ራሱ ችግር ይሆናል። ሦስቱን የተለያዩ አጨዋወቶች እንውሰድ። በዲትሮይት ከተማ ለሞታውን ኩባንያ ሲጫወት የነበረው ጄምስ ጄመርሰን የቀኝ እጁን አመልካች ጣት ብቻ ይጠቀም ነበር። የሎስ አንጀለሷ ካሮል ኬይ በፒክ ትጫወት ነበር። አብዛኞቹ የዛሬ መምህራን ደግሞ አመልካችና መሐል ጣትን እያፈራረቁ መጫወትን ያስተምራሉ። ሦስቱም መንገዶች ታላቅ ሙዚቃ አፍርተዋል። ዛሬ ከአንዱ፣ ነገ ከሌላው የሚቀዳ ጀማሪ ግን አንዱንም ሳይዝ ይቀራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል የተዘጋጀ አንድ ኮርስ መርጦ መጨረስ ይመከራል።

የሚታየውን ሁሉ መቅዳትም አያዋጣም። በቪዲዮ ትምህርቱ የሚታወቀው እንግሊዛዊው ስኮት ዲቫይን ጓንት አድርጎ ሲጫወት ይታያል። ይህ የአጨዋወት ስልት አይደለም፤ ራሱ በይፋ እንደገለጸው የጣት እንቅስቃሴን የሚያውክ ፎካል ዲስቶኒያ የተባለ የነርቭ ችግር ስላለበት የሚያደርገው ነው። ምስሉ ምን እንደተደረገ እንጂ ለምን እንደተደረገ ሁልጊዜ አይነግርም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ልምምድ የሚጀምረው በመቃኘት ነው። በስልክ ላይ የሚጫኑ ነፃ የመቃኛ መተግበሪያዎች ክሩ መላላቱን ወይም መወጠሩን ያሳያሉ። በጆሮም መቃኘት ይቻላል፤ ወፍራሙን ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ሲጫኑት የሚወጣው ድምፅ ከቀጣዩ ልቅ ክር ድምፅ ጋር አንድ መሆን አለበት። ቀጣዮቹም ክሮች በዚሁ መንገድ ይስተካከላሉ።

የግራ እጅ ጣት ማረፍ ያለበት ብረቱ ላይ ሳይሆን ከብረቱ ጀርባ፣ ተጠግቶ ነው። ከፍሬቱ በራቀ ቁጥር ክሩ ይንዘረዘራል፤ ተማሪውም ይህን በጉልበት ለማረም ሲሞክር እጁ ይደክማል። በመደበኛው ቤዝ ላይ የመጀመሪያው ፍሬት ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለሆነም በአንገቱ መጀመሪያ አካባቢ አራቱን ጣቶች በአራት ፍሬቶች ላይ በግድ ከመዘርጋት ይልቅ፣ ከደብል ቤዝ ተጫዋቾች የተወረሰውን ልማድ በመከተል አመልካች፣ መሐልና ትንሿን ጣት በሦስት ፍሬቶች ላይ ማሳረፍ እጅን ያሳርፋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጊዜ መጠበቅ ነው። ሜትሮኖም የተባለው ምት ቆጣሪ በደቂቃ 60 ምት ላይ ተደርጎ፣ በእያንዳንዱ ምት አንድ ድምፅ መጫወት ይጀመራል። አምስት ደቂቃ ሳይሳሳቱ መጫወት ሲቻል ወደ 65 ከፍ ይደረጋል። ቪዲዮው ከፈጠነም ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ መቀነስ ይቻላል፤ ድምፁ ቢዘገይም ቅኝቱ አይለወጥም።

የውጭ አገር ትምህርቶች በአብዛኛው በአራት ምት የሚቆጠር ሙዚቃን መሠረት ያደርጋሉ። ችክችካ በመባል የሚታወቀው የእኛው ስልት ግን በስድስት ይቆጠራል፦ አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት። በሠርግና በበዓል ዘፈኖች መጫወት የሚሻ ጀማሪ ይህን አቆጣጠር በራሱ መጨመር አለበት፤ መጀመሪያ በአንድ እና በአራት ላይ ብቻ በመጫወት ይለማመዳል።

ከቪዲዮው ባሻገር፦ የትዝታ ቅኝት

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፆች ያሏቸው ቅኝቶች ናቸው። ለጀማሪ የሚቀለው ሙሉው ትዝታ ሲሆን ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ናቸው። በቤዝ ጊታር ላይ እንዲህ ይገኛሉ፦ በላ ክር ላይ ሦስተኛው ፍሬት ዶ፣ አምስተኛው ሬ፤ በሬ ክር ላይ ሁለተኛው ሚ፣ አምስተኛው ሶል፤ በሶል ክር ላይ ሁለተኛው ላ ሲሆን አምስተኛው ደግሞ ላይኛው ዶ ነው። እነዚህን ወደ ላይና ወደ ታች በዝግታ መጫወት ጣትንም ጆሮንም ያሠለጥናል። ትዝታን ከልጅነቱ ሲሰማ ያደገ ሰው ስሕተቱን ማንም ሳይነግረው ይለያል፤ በዚህ ልምምድ ጆሮው ራሱ መምህር ይሆነዋል።

የጎደለውን ሰሚ መተካት

ከሁሉ የሚቀርበው መንገድ ራስን መቅዳት ነው። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ያህል ተጫውቶ በስልክ መቅዳትና በማግስቱ ማዳመጥ ይበቃል። በሚጫወቱበት ጊዜ አእምሮ በጣቶች ስለሚያዝ ስሕተቱ አይሰማም፤ በማግስቱ ግን ይሰማል። ሲያዳምጡ አራት ነገሮችን መለየት ይገባል፦ ምቱ ፈጥኗል ወይስ ዘግይቷል? ክሩ ይንዘረዘራል? ያልተነካ ክር አብሮ ይጮኻል? ድምፁ ማለቅ ባለበት ቦታ አልቋል?

ሁለተኛው መንገድ ሰው ነው። ይህ ሰው ቤዝ ጊታር የሚችል መሆን የለበትም። ከበሮ የሚመታ ጎረቤት ወይም በጭብጨባ የሚያጅብ ጓደኛ ምቱ መቼ እንደተሰበረ ወዲያው ያውቃል። በየከተማው ያሉ የኪነት ቡድኖችና ባንዶችም ልምምድ ስለሚያደርጉ፣ በወር አንድ ጊዜ እንኳ ሄዶ «እጄን እዩልኝ» ማለት በስሕተት ሊባክኑ የሚችሉ ወራትን ያድናል።

ጤና፣ ዳታ እና ጊዜ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጣት ጫፍ መቁሰል የተለመደ ነው፤ ቆዳው ሲጠነክር ይተዋል። የእጅ አንጓ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ወደ ክንድ የሚወጣ ቁርጥማት ግን የተለመደ አይደለም። እንዲህ ሲሆን ልምምዱን አቁሞ የእጅ አያያዝን ማስተካከል፣ ካልተሻለም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። አንጓን አለማጠፍና ማንገቻውን ከፍ አድርጎ ማሰር ጉዳቱን ይቀንሳል።

የዳታ ወጪን ለመቀነስ የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ ማድረግ ይቻላል። 144 በሚለው ጥራት ጣቶች ስለማይለዩ 360 ለትምህርት ይበቃል። በተጨማሪም አንዱን ትምህርት ተመልክቶ ፍሬ ነገሩን በደብተር መጻፍና ስልኩን ዘግቶ መለማመድ ዳታንም ትኩረትንም ያድናል። የአንድ ቪዲዮ ትምህርት ሳይያዝ ወደ ቀጣዩ ማለፍ ማሳው በሚገባ ሳይታረስ ጤፍ እንደ መዝራት ነው። የጤፍ ማሳ ተደጋግሞ እንደሚታረስ ሁሉ፣ ጣትም በየቀኑ በሚደረግ የሃያ ደቂቃ ልምምድ ይለሰልሳል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለሦስት ሰዓት መቀመጥ ያንን አይተካም።

ጀማሪው መሻሻሉን የሚለካው በተመለከታቸው ቪዲዮዎች ብዛት አይደለም። አንድ ቀላል ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲጫወት አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ሳይደናቀፍ ማጨብጨብ ከቻለ፣ ትምህርቱ ይዟል ማለት ነው።