ከፍርምባ ጀርባ ያለው ዕጢ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወጋችሁ የለንደን ታሪክ ነው፤ ዘመኑንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር እቆጥርላችኋለሁ።

በ1958 ዣክ ሚለር የሚባል ወጣት ሐኪም ከአውስትራሊያ ለንደን ገባ። የተወለደው ፈረንሳይ አገር፣ ኒስ ከተማ ነው። ልጅነቱን ሻንጋይ አሳልፎ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደዚያ ሲቃረብ ቤተሰቡ ወደ አውስትራሊያ ሸሸ። ታላቅ እኅቱን ሳንባ ነቀርሳ ነጥቃዋለች። ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚመክት በዚያ ጊዜ አጥርቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጥያቄው ከልጁ ልብ ሳይወጣ ቀረ።

ለንደን ላይ ቼስተር ቢቲ የተባለው የካንሰር ምርምር ተቋም ተቀበለው። የተሰጠው ሥራ የአይጦች የደም ካንሰር ነበር። ያ ካንሰር የሚነሣው ታይመስ ከሚባል ዕጢ ነው። ታይመስ ከፍርምባ አጥንት ጀርባ፣ ከልብ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ በልጅነት ደልቦ፣ ዕድሜ ሲገፋ ይከስማል። የዘመኑ ሊቃውንት ነጭ የደም ሴሎች የሚሞቱበት መቃብር ነው እንጂ ሥራ ያለው አካል ነው አይሉም ነበር። ካደገ አይጥ ላይ ቆርጠው ቢያወጡትስ ምን ይሆናል? ምንም!

ሚለር ግን ካንሰር አምጪው ቫይረስ የት እንደሚራባ ማወቅ ፈለገ። ስለዚህ ታይመሱን ገና ከተወለዱ አይጦች ላይ አወጣ። ከአውራ ጣት የምታንስ ፍጥረት ደረት ከፍቶ፣ አውጥቶ፣ መልሶ መስፋት! ትንንሾቹ አይጦች ጡት እስኪጥሉ ደኅና ሰነበቱ። ከዚያ በኋላ ግን መንምነው በበሽታ አለቁ። ደማቸው ሲመረመር ሊምፎሳይት የሚባለው ነጭ ሴል ጎድሎ ተገኘ። የሌላ ዘር አይጥ ቆዳ ቢለጥፍባቸው ሰውነታቸው አልጣለውም፤ ባዕዱ ቆዳ ጠጉር አብቅሎ ኖረ። የራስንና የባዕድን መለየት ጠፍቶባቸዋል ማለት ነው። በ1961 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሲያሳትመው 30 ዓመቱ ነበር። ታላላቆቹ ቶሎ አላመኑትም።

ዛሬ ከታይመስ የሚወጡትን ሴሎች ቲ ሴል እንላቸዋለን። ከመቅኒ ተነሥቶ ወደዚያ የሚገባው ብዙ ነው፤ በሕይወት የሚወጣው ጥቂት። የገዛ አካሉን የሚያጠቃው እዚያው ይሞታል። እነዚያ ሊቃውንት ያዩት ሞት እውነት ነበር፤ የሞቱን ምክንያት ነው ያላወቁት።

ያለፈው ቲ ሴል በመላ ሰውነት ይዞራል። የሚያየው ምንድን ነው? እህል በረንዳ የገባ ሰው ያውቃል፤ ጆንያው ሳይራገፍ ከውስጡ አንድ እፍኝ ተዘግኖ ለገዢ ይታያል። የሰውነታችን ሴልም በውስጡ ከሚሠራው ፕሮቲን ቁራጭ ቁራጩን አውጥቶ በገጹ ላይ ያሳያል። የካንሰር ሴል ዘረ መሉ ተበላሽቷልና የሚያሳየው ቁራጭ እንግዳ ይሆናል። ያን የሚለይ ቲ ሴል ሲያገኘው ይጠጋዋል፤ ፐርፎሪን በተባለ ፕሮቲን ገጹን ይበሳል፤ ግራንዛይም የተባለውን ደግሞ ወደ ውስጥ ይሰዳል። ያን ጊዜ የካንሰሩ ሴል ራሱን ያፈርሳል።

ታዲያ ካንሰር ስለ ምን ይገድለናል? ስለሚያመልጥ ነዋ! አንዳንዱ ናሙና ማሳየቱን ይተዋል። አንዳንዱ ፒዲ ኤል ዋን የተባለ ፕሮቲን በገጹ ላይ አብዝቶ፣ የቀረበውን ቲ ሴል ያዳክማል። እንዲህ ያለውን የቲ ሴል ልጓም መፍታት እንደሚቻል ያሳዩት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ2018 ኖቤል ተሸልመዋል።

ወደ ለንደን ልመልሳችሁ። ከሁሉ የሚከፋው ካንሰሩ ራሱ ከቲ ሴል የተነሣ እንደሆነ ነው፤ ጠባቂው ወራሪ ሆኗልና። በ2022 አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ይኸው የደም ካንሰር ይዟት ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተኛች። ኬሞቴራፒው አልረዳትም፤ የመቅኒ ንቅለ ተከላውም አላዳናትም። ፕሮፌሰር ዋሲም ቃሲምና ባልደረቦቻቸው ከጤነኛ ለጋሽ ቲ ሴል ወሰዱ። ዘረ መሉን ሳይቆርጡ ፊደል በፊደል እየለወጡ፣ የልጅቷን አካል እንዳያጠቃ የራሱን መለያ አጠፉለት። የካንሰሩ ምልክት ሲዲ ሰቨን በጤነኛው ቲ ሴል ላይም አለና፣ እርስ በርስ እንዳይጨራረሱ እሱንም አነሡት። ልጅቷ ከምትወስደው መድኃኒት አንዱ እንዳያጠፋውም ሦስተኛ ለውጥ ጨመሩ። በመጨረሻ ሲዲ ሰቨንን እያሳደደ የሚይዝ አዲስ መለያ ሰጡት።

በ28 ቀን ካንሰሩ ከምርመራ ተሰወረ። ከዚያ ሁለተኛ የመቅኒ ንቅለ ተከላ ተደረገላት።

አትቸኩሉ፤ ሁሉም እንዲህ አልሆነም። በ2023 የመጀመሪያዎቹ የሦስት ሕሙማን ውጤት ሲታተም፣ አንዱ በፈንገስ ልክፍት መሞቱ አብሮ ተጽፏል። ሕክምናው የታማሚውን መከላከያ ለጊዜው ስለሚገፍ በዚያ መካከል የሚገባው ልክፍት ብርቱ ነው።

እኔ ይህን ስሰማ ልቤ የሚሄደው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ካንሰር ይዟቸው ወደተኙት ልጆቻችን ነው። ቃሲም የተጠቀሙበት ሴል ልጅቷን ከማያውቅ ለጋሽ የተወሰደ ነው፤ እንደ ሌላው የቲ ሴል ሕክምና ከየታማሚው ደም እየተቀዳ ለየብቻ አይሠራም። አስቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ በረዶ ቤት ተቀምጦ፣ ከአንድ ለጋሽ የተገኘው ለብዙ ልጅ ሊደርስ ይችላል።