ደኅንነትና ፍርድ በኤውሮፓ፤ ወጣቶች እንዴት እንደምናየው

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ሲሉ አባቶቻችን ይተርታሉ። ምሳሌው የሚያስረዳው፤ ሰውን እጅግ የሚቆጨው ያጣው ነገር ትልቅነት ሳይሆን ዳኛ ሳይሰማው መወሰዱ መሆኑን ነው። እኛም የዘመናዊውን የኤውሮፓ ታሪክ ስንማር ይኸው አሳብ ደጋግሞ ስለ ገጠመን፤ መንግሥት አገርን ከአደጋ ለመጠበቅ ሲል የሰውን መብት እስከ ምን ድረስ ሊነካ ይችላል? የሚለውን ጥያቄ በዚህ መጽሔት ለመመርመር ተነሣን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ወደ 1933 ልንመለስ ይገባናል። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 27 ቀን በርሊን የሚገኘው የጀርመን ፓርላማ ሕንፃ ተቃጠለ። በማግሥቱም ስለ ሕዝብና ስለ መንግሥት ጥበቃ የወጣ የተባለ ድንጋጌ ታወጀ። በዚህ ድንጋጌ የመናገር፣ የመጻፍና የመሰብሰብ ነጻነት፤ እንዲሁም ያለ ፍርድ ያለመታሰር መብት ታገደ። እገዳው ለጊዜው ነው ቢባልም የናዚ መንግሥት በ1945 እስኪወድቅ ድረስ አልተነሣም። እንግዲህ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር ይህ ነው፤ ሕዝቡ መብቱን የተነጠቀው «ትጠበቃለህ» እየተባለ ነበር።

በመንግሥታት መካከልም የሕግ ኃይል ያን ጊዜ ደካማ ነበር። ኢጣልያ በ1935 ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ሁለቱም አገሮች የመንግሥታት ማኅበር አባሎች ነበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቭ ቀርበው አቤቱታቸውን አሰሙ። ውል ነበረ፤ ኃይለኛው ውሉን እንዲያከብር የሚያስገድደው ግን አልተገኘም። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ እሳቱ ኤውሮፓን ራሷን በላት።

ከጦርነቱ በኋላ የኤውሮፓ ሰዎች ከዚህ መከራ አንድ ትምህርት ወሰዱ። በ1949 አሥር መንግሥታት ተባብረው የኤውሮፓ ምክር ቤትን አቋቋሙ። ይህ ምክር ቤት ዛሬ የኤውሮፓ ኅብረት ከሚባለው ድርጅት የተለየ ነው። በ1950 በሮም ከተማ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት ተፈረመ፤ በ1953ም ጸና። በ1959 ደግሞ በስትራስቡርግ ፍርድ ቤት ቆመ። ስትራስቡርግ ከ1870 እስከ 1945 ባለው ዘመን በፈረንሳይና በጀርመን መካከል አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈች ከተማ ናት። በስምምነቱ አምስተኛ አንቀጽ ነጻነትና ደኅንነት ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ይህም አንዱ የሌላው ጠላት አለመሆኑን ያመለክታል።

ይሁን እንጂ ሕግ የሚፈተነው በክርክር ነውና፤ በዚህ ፍርድ ቤት ከታዩት ነገሮች ሦስቱን እንመልከት። ሦስቱም ባለ ጉዳዮች ወጣቶች ናቸው።

የመጀመሪያው አየርላንዳዊ ነበር። በ1957 የታጠቀ ድብቅ ማኅበር አባል ነው ተብሎ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ለአምስት ወር ያህል ታሰረ። ፍርድ ቤቱ በ1961 በሰጠው ፍርድ፤ እንዲህ ያለው እስራት በደኅናው ጊዜ ከስምምነቱ ጋር እንደማይስማማ ገለጸ። ነገር ግን አገሪቱ በእውነት አደጋ ላይ ስለ ነበረች፤ እስራቱንም የሚመረምር ኮሚሲዮንና የሚከታተል ፓርላማ ስለ ነበረ፤ ለመንግሥቱ ፈረደ። ከዚህ እንደምንረዳው ሕጉ የአገርን ደኅንነት አይንቅም። ሆኖም አደጋ መኖሩን መንግሥት ስለ ተናገረ ብቻ አይቀበልም፤ ያስመረምራል።

ሁለተኛው በማን ደሴት የሚኖር የ15 ዓመት ተማሪ ነበር። የትምህርት ቤቱን ልጅ ደብድቦ ጥፋቱን አመነ፤ በ1972ም ሦስት አርጩሜ እንዲገረፍ ተፈርዶበት በፖሊስ እጅ ተገረፈ። ስለ አርጩሜ ለእኛ ለተማሪዎች ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። የደሴቲቱ ሕዝብ ግርፋቱ ወንጀልን ያስቀራል ብሎ ይደግፈው ነበር። በ1978 ግን ከሰባቱ ዳኞች ስድስቱ ቅጣቱ ሰውን የሚያዋርድ ነው ብለው ፈረዱ። አንድ ቅጣት ወንጀልን ይከለክላል ተብሎ ስለ ታመነ ብቻ አዋራጅነቱ አይጠፋም። የአገራችንም ሕገ መንግሥት በ1994 ሲጸድቅ በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ደንግጓል።

ሦስተኛው በእንግሊዝ አገር የ11 ዓመት ልጅ ነበር። በ2001 በዝርፊያ ሙከራ ተከሶ በነጻ ተለቀቀ፤ ፖሊስ ግን የጣት አሻራውንና የዲ.ኤን.ኤ. ናሙናውን አላጠፋም አለ። በ2008 የፍርድ ቤቱ ታላቅ ችሎት አሥራ ሰባት ዳኞች በአንድ ድምፅ ለልጁ ፈረዱለት። ንጹሕ የተባለ ሰው እንደ ተጠርጣሪ ተመዝግቦ ሊኖር አይገባውምና።

ጉዳዩ ለጎረቤቶቻችንም ደርሷል። በ2009 በሜዲቴራንያን ባሕር ላይ የኢጣልያ መርከቦች ሁለት መቶ ያህል ስደተኞችን ይዘው፤ የማንንም አቤቱታ ሳይሰሙ ወደ ሊቢያ መለሷቸው። ከእነርሱ አሥራ አንድ ሶማሌዎችና አሥራ ሦስት ኤርትራውያን ከሰሱ። በ2012 ፍርድ ቤቱ ኢጣልያ ስምምነቱን ጥሳለች ብሎ ወሰነ። በ1936 በጄኔቭ ያልተገኘው ዳኛ፤ ለእነዚህ አገር ለሌላቸው ሰዎች በስትራስቡርግ ተገኘ ማለት ነው።

እርግጥ ነው፤ ፍርድ ቤቱ የራሱ ጦር የለውም። በግሪክ አገር በ1967 ሥልጣን የያዙት መኰንኖች ሲከሰሱ በ1969 ከምክር ቤቱ ወጡ፤ ግሪክ የተመለሰችው በ1974 እነርሱ ከወደቁ በኋላ ነው። ሩስያም ዩክሬንን በወረረች ጊዜ በ2022 ከምክር ቤቱ ተባረረች፤ በዚያው ዓመትም ከስምምነቱ ውጭ ሆነች። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ጓደኞቻችን፤ ኃይለኛው ጥሎት የሚሄደው ሕግ ምን ይጠቅማል? ይላሉ። የእኛ መልስ ግን ይህ ነው። ሁለቱም የወጡት የሚጠይቃቸውን ዳኛ መሸከም ባለመቻላቸው ነው፤ ዜጎቻቸውም በዚያ የበለጠ ደኅንነት አላገኙም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የደረስንበት አሳብ እንደሚከተለው ነው። ለተወደደውና ለተከበረው ሰው ብቻ የሚሠራ ሕግ፤ ሕግ ሊባል አይገባውም። የሕግ ሚዛን የሚታየው በተጠረጠረው፣ ባጠፋውና በእንግዳው ሰው ላይ ነው። ደግሞም ማንኛችንም ነገ ተጠርጣሪ ወይም እንግዳ ልንሆን እንችላለን፤ ስለዚህ የእነርሱ መብት የእኛው አጥር ነው። ደኅንነትን የሚጠብቅ ጠንካራ መንግሥት እንፈልጋለን፤ ነገር ግን «በሕግ አምላክ!» ሲሉት የሚቆም መንግሥት መሆን አለበት። አባቶቻችን በዚህ ቃል ባለ ጉልበቱን በመንገድ ያስቆሙት ነበር። እኛም በትምህርት ቤትም ሆነ ነገ በምንሠራበት ቦታ፤ ቃሉን ስንናገርም ሆነ ሲነገረን ማክበርን ከአሁኑ እንልመድ።