ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚያሻግረው መንገድ

ከሐርቡ ተነሥቶ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚሄድ መንገደኛ ዛሬ ውሃ አይሻገርም። የቦርከናን ሸለቆ ይዞ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከዚያም 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ ደሴ ይገባል፤ ከደሴም ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ሐይቅ ከተማን ያገኛል። ከከተማው እስከ ገዳሙ ደጅ ያለው መንገድ ደረቅ ምድር ነው። ቦታው ዛሬ ባሕረ ገብ መሬት ሲሆን፣ በቀድሞ ዘመን ግን ዙሪያው በውሃ የተከበበ ደሴት ነበረ። የሐይቁ ውሃ እየሸሸ በመሄዱ ከየብስ ጋራ ተጋጠመ።

በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ቦታው ደሴት በነበረበት ጊዜ ሰው በምን ይሻገር ነበር? መሻገሪያውስ ለገዳሙ ምን ጠቀመው? የደሴት ገዳማት ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ከዓለም መሸሸጊያነታቸው ብቻ ይነሣል። የሐይቅ ታሪክ ግን ይህን አሳብ በሙሉ አይደግፈውም።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። «ሐይቅ» በአማርኛ በየብስ የተከበበ ውሃ ማለት ሲሆን፣ በግእዝ ግን የባሕር ወይም የወንዝ ዳር ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ ራሱ የሚያመለክተው ሰው ከውሃው የሚገናኝበትን ዳር ነው። የሐይቁም ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ቢደርስም፣ ከዳር እስከ ደሴቱ የነበረው ርቀት አጭር ነበር። ሩቅ ያደረገው መሻገሪያ ማጣት እንጂ የመንገዱ ርዝመት አልነበረም።

አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ1240 ዓ.ም. ገደማ ገዳሙን ካቋቋሙ በኋላ ደሴቱ የታወቀ የትምህርት ቦታ ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚያ ተምረዋል። ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጡት አባ ኂሩተ አምላክም በጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስን እንደ መሠረቱ ይነገራል፤ ይኸውም አንዱ ደሴት ለሌላው ደሴት መምህር ሰደደ ማለት ነው። የገዳሙ አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» የሚለውን ማዕርግ ይዞ በነገሥታቱ ዘንድ ትልቅ ሥልጣን ነበረው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ በውስጡም የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ይገኛል። ያን ዝርዝር ስናነብ አንድ ነገር ልንዘነጋ አይገባም፤ ከውጭ የመጣው መጽሐፍ ሁሉ በዚያ ውሃ ላይ ተጭኖ የተሻገረ ነው።

በምን ተሻገረ? በ1512 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሲጓዝ ሐይቁን አይቶ ስለ መሻገሪያው ጽፏል። እንደ ጽሑፉ ከሆነ ሰዎቹ የውሃ ዳር ቄጠማ ያነጥፋሉ፤ በላዩ አጣና ያጋድማሉ፤ እንደ ገና ሌላ ቄጠማ ይደርቡበታል፤ በአራቱም ማዕዘን ትልልቅ ቅል ያስራሉ፤ በዚህም ይሻገራሉ። በደሴቱ ላይ የሎሚና የብርቱካን ዛፎች፣ በውሃውም ውስጥ ጉማሬዎች እንደ ነበሩ ጨምሮ ይነግረናል። አልቫሬዝ ነገሩን የቈጠረው ሰዎቹ መርከብ መሥራት ባለማወቃቸው ነው። የባሕር ተጓዦች አገር ሰው እንዲህ ቢያስብ አያስደንቅም። ነገር ግን ይህ መሻገሪያ ብረትም ሆነ ከሩቅ የሚመጣ እንጨት አይፈልግም፤ ቢበላሽ በዳር ባለው ቄጠማ ይጠገናል። ለአጭር መሻገሪያ ከዚህ የበለጠ መርከብ አላስፈለገም።

የመሻገሪያው ትልቁ ፈተና የመጣው ግን በ1524 ዓ.ም. ነው። የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ እንደሚተርከው፣ ኢማሙ ከሐይቁ ዳር በደረሱ ጊዜ ውሃው አገዳቸው። ስለዚህ መሻገሪያ እንዲሠራ አዘዙ። መነኮሳቱ ይህን ባዩ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይቃጠል ለምነው የገዳሙን ሀብት አስረከቡ፤ ኢማሙም ልመናቸውን ተቀበሉ።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ውሃው ገዳሙን ከኀይል ፈጽሞ አላዳነውም፤ ወርቁና ብሩ ሄዷል። ውሃው የሰጠው ጊዜ ነበር። ጥቂት ቀን የሚወስድ የመሻገሪያ ሥራ ለሁለቱም ወገን የመነጋገሪያ ጊዜ ሆነ። በየብስ ላይ የነበሩት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ይህን ጊዜ ሳያገኙ ተቃጥለዋል። በሰላሙ ዘመን ተማሪውንና መጽሐፉን ያስገባው ያው ውሃ፣ በጦርነቱ ዘመን ሕንፃውን አተረፈ። ስለዚህ ሐይቁን ደጅ ያለው አጥር ብንለው ይሻላል፤ ደጁ ባይኖር ትምህርቱ፣ አጥሩ ባይኖር ሕንፃው ባልቈየ ነበር።

ዛሬ አጥሩ በአንድ ወገን ደርቋል። ወንድ መንገደኛ በእግሩ እስከ ውስጥ ይገባል፤ ሴቶች ግን በጥንቱ ሥርዓት መሠረት ወደ ወንዶቹ ገዳም አይገቡም። ውሃው ይሰጥ የነበረውን ጊዜ አሁን ሊሰጥ የሚችል ሌላ ጠባቂ ያስፈልጋል። የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በማይክሮፊልም ተነሥቶ በቍጥር 1832 መመዝገቡ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ መዝገብ ያለው መጽሐፍ ቢጠፋ እንኳ መጥፋቱ ይታወቃል፤ ቃሉም አይጠፋም። የቀረውን ሥራ ለሌላ ሰው መተው አይገባንም። ከሐርቡ እስከ ሐይቅ ያለው ጕዞ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። የእኛ ትውልድ ተማሪዎች ይህን መንገድ ለሽርሽር ብቻ ሳይሆን ሽማግሌዎችን ለመጠየቅና የጥንቱን የውሃ ዳር ለመለካት ቢሄዱበት፣ አባቶች በቄጠማና በቅል ያሻገሩትን ዕውቀት እኛም በበኩላችን እናሻግራለን።