ሳይቀልጥ የሚጋጠም

በደጀንና በደብረ ማርቆስ መካከል የምትገኘው ሉማሜ፣ የአዋበል ወረዳ ከተማ፣ የጤፍ አገር ናት። ጤፍ ደግሞ ማሳው ተደጋግሞ ካልታረሰ አይሆንለትም። የዚያ ሁሉ እርሻ ጭነት የሚያርፈው ብረት ከእንጨት በሚገናኝበት በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ነው።

ማረሻው በክፍት ጀርባው እርፉ ላይ ይጠልቃል፤ ድግሮቹን ወገል ይይዛቸዋል፤ ሞፈርና ቀንበር በምራን ይጠፈራሉ። በሬዎቹ ሲጎትቱ አፈሩ ማረሻውን ወደ እርፉ ስለሚገፋው ሥራው ራሱ ያጠብቀዋል። ፀሐይ ግን እንጨቱን ታኮማትረዋለች፤ ብረቱ እንደነበረ ነው፤ ያኔ ይላላል።

ይህን ሁሉ ጠንቅቆ የሚያውቀው ቀጥቃጭ ነበር። ከአሮጌ መኪና የወጣ ባሌስትራ በወናፍ አግሎ፣ በጉጠት ይዞ፣ መስፍ ላይ በመዶሻ ማረሻ ያደርገዋል። ብረትን ከብረት ለማጣበቅም ማቅለጥ አያስፈልግም፤ እስኪነጣ አግሎ መቀጥቀጥ ይበቃል። ገበሬው ያለ እጁ ሥራ እንደማያርስ እያወቀ ሰውየውን ግን «ቡዳ» ይለው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ እንዳይሰደብ ቢያውጁም ስድቡ ከአዋጁ በላይ ዕድሜ ነበረው።

ሳያቀልጡ የማጣበቅ ነገር በፋብሪካ ሌላ መልክ ያዘ። በአሜሪካ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1950ዎቹ፣ ብረታ ብረትን ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ማጣበቅ ተጀመረ። መሣሪያው ሁለቱን ስስ ብረቶች ተጭኖ በሴኮንድ 20,000 ጊዜ ያህል ያፋትጋቸዋል። ፍትጊያው በላያቸው ያለውን የዝገት ሽፋን ይሰብራል፤ ከሥር ያለው ንጹሕ ብረት ከንጹሕ ብረት ጋር ይነካካና ይያያዛል። አልሙኒየም በ660፣ መዳብ በ1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣሉ፤ አቅልጦ ያቀላቀላቸው ሰው የሚያተርፈው ተሰባሪ ውሁድ ነው። ስለዚህ ዘዴው አልሙኒየምና መዳብ ለሚጋጠሙበት የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ተፈላጊ ሆነ። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

መሐንዲሶች መጋጠሚያውን አስቀድመው በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ያሰሉታል። የሚያስቸግራቸው ፍትጊያው ነው፤ ሽፋኑ ሲሰበርና ብረቱ ሲለሰልስ በየቅጽበቱ ይለዋወጣል። ስሌቱ የሚታመነው ናሙናው በማሽን ተጎትቶ ሲፈተን ብቻ ነው። ንዝረቱ ካነሰ ሁለቱ ብረቶች ከተጣበቁበት ይላቀቃሉ፤ ከበዛ ደግሞ ስሱ ብረት ሳስቶ ከመጋጠሚያው ጎን ይቀደዳል።